የሚጣዬ የፊት ጥርሶች

ሥራሽ ምንድነው ሲሉኝ ባጭሩ መመለስ አቅቶኛል። አዲስ አበባ ሳለሁ የጥርስ ሐኪም ነበርኩ፤ ያኔ መልሱ ቀላል ነበር። ቶሮንቶ ስመጣ ፈተናው፣ ወረፋው፣ እንደገና ከዜሮ መጀመሩ ሲያታክተኝ አንድ ጥናት ላይ ተቀጠርኩ። ጥናቱ አዲስ የመጡ ቤተሰቦች የትንንሽ ልጆቻቸውን ጥርስ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚጠብቁ፣ የቤት ልማዳቸውስ በምን ሊለወጥ እንደሚችል የሚያይ ነው። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ እናቶችን አነጋግራለሁ፣ የልጆቹን አፍ በትንሽ ባትሪ አያለሁ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ። መንካት የለም፣ ማከም የለም። ያን ሁሉ ዓመት ስንት ነገር የተማረ እጅ አሁን ባትሪ ይይዛል።

እሱንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት መምከር መከልከሌን ነው። ኖርዝ ዮርክ ባለው ቢሯችን ሥልጠና ሲሰጡን፣ ሰው የሚለወጠው ሲነገረው ሳይሆን ራሱ ሲደርስበት ነው አሉን። ስለዚህ ጡጦ አፏ ውስጥ ከትተሽ አታስተኚያት አይባልም፤ ማታ እንዴት ነው የምትተኛው ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ እናትየው ራሷ ተናግራ ራሷን እስክትሰማ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ እውነቴን ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁ። ግን እስቲ አስቡት። እኛ እኮ ታክሲ ውስጥ የማናውቀው ሰው ቢያስለው ዝንጅብል በማር አፍልተህ ጠጣ ካላልን የማይሆንልን ሰዎች ነን። እኔን ዝም ብለሽ ጠይቂ ማለት እጅን ወደ ኋላ አስሮ ብላ እንደማለት ነው።

ሚጣዬን ያገኘኋት ሴንት ጄምስ ታውን፣ አንደኛው ሊፍት ሁሌ የሚበላሽበት ፎቅ ውስጥ ነው። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን የሚያውቃት ሁሉ ሚጣዬ ይላታል፣ እኔም እንደዚያው ቀረሁ። ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ፊቷ ክብ፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ። እናቷ ገና ወጣት ናት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አዛውንት ስታነሳና ስታስተኛ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን እያወለቀች ስታጥብላቸው ትውላለች። ባሏ አገር ቤት ነው፣ ወደዚህ የሚያመጣው የስፖንሰር ፕሮሰስ አላለቀለትም። የሕፃናት መዋያ፣ ዴይኬር የሚሉትን፣ በድጎማ ለማግኘት ተራ እየጠበቀች ነው። እስከዚያ ልጅቷን የሚይዙላት እማማ ናቸው።

እማማ ኮሪደሩ ማዶ ያሉ ጎረቤት ናቸው፤ ዝምድና የላቸውም። ልጃቸው ካገር ቤት አምጥቷቸው እሱ ራሱ ከባድ መኪና ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። እንግሊዝኛ የላቸውም፣ ጥርስም የላቸውም። ጥርሴማ ያለቀው እዚህ አገር ነው፣ እዚያማ በመፋቂያ ስፍቅ አንድም አልጎደለብኝም ነበር ይላሉ። አላምናቸውም፣ ግን አልከራከርም። ሚጣዬ ሳትመጣ በፊት ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ቆመው መኪና ሲያዩ ይውሉ እንደነበር ነግረውኛል። አሁን ገና ሳይነጋ እናትየው ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሩ ላይ ትሰጣቸዋለች፣ ማታ ትወስዳለች። አንዴ ክፍያ የሚባል ነገር ብታነሳባቸው፣ የልጅ ልጄን በገንዘብ ልጠብቅ እንዴ ብለው ቀኑን ሙሉ አኮረፏት።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት እናትየው ሺፍት አልነበራትም። ቤቱ ተጠርጎ፣ ሚጣዬ ሠርግ እንደምትሄድ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጠረጴዛው በምግብ ተሞልቶ ደረስኩ። ለጥናት ነው የመጣሁት ብል ማን ሊሰማኝ። እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ሳይበላ ወረቀት አያወጣም። በላሁ፣ ተጫወትን፣ ከዚያ ልጅቷን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። ሕፃን ልጅ አፍሽን ክፈቺ ከተባለ አፉን ይቆልፋል፤ ስለዚህ አንበሳ እንዴት ነው የሚጮኸው አልኳት። አቤት፣ ጉሮሮዋ እስኪታይ ከፈተችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ በበሩ ስገባ ማንም ሳይጠይቃት መሬት ቁጭ ትልና አፏን እንደ አንበሳ ከፍታ ትጠብቀኛለች።

ባትሪውን ሳበራ አየሁት። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ድዳቸው ሥር ነጭ መስመር ይዘዋል። ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ጥርሷ ነጣ ያለ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ጥርሱ ድረሱልኝ የሚልበት ሰዓት ነው። ገና አልተቦረቦረም። ጣፋጩ ከቀነሰ፣ ጠዋትና ማታ በደንብ ከተቦረሸ፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ካለፈ ግን አለፈ። በዚያን ዕለት ሁሉም ነገር ገና በእጃችን ነበር።

እናትየውን እንደ ሥልጠናዬ ጠየቅኳት። መለሰችልኝ፣ ሁሉንም አሳምራ። በቀን ሁለት ጊዜ ትቦርሻታለች። ጡጦ ትታለች። ከረሜላ እሷ ቤት አይገባም። ውሸቷን አልነበረም፤ እሷ እቤት ባለችበት ሰዓት ሁሉም እንዳለችው ነው። ችግሩ እሷ እቤት ያለችው ስንት ሰዓት ነው?

ይሄንኑ እያሰላሰልኩ ሳለ እማማ ሳያንኳኩ ገቡ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ አንደኛው ጫፉ ቋጠሮ አለው፤ ድሮ ሴቶች ሳንቲም እንደሚቋጥሩበት። ሚጣዬ እኔንም አንበሳውንም ትታ በረረችና ጭናቸው ላይ ወጣች፣ ቋጠሮውን በትንንሽ ጣቶቿ መፍታት ጀመረች። እኔ እንኳ ያን ያህል ቶሎ አልፈታውም። ውስጡ ከረሜላ ነበር። አንዱን ልጣ አፏ ውስጥ ወረወረችው፣ እማማ ባዶ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ፣ እንዲህ ስትስቅልኝ ነው እኮ ነፍስ የምዘራው አሉኝ። ቀን ቀን ደግሞ ስትተኛላቸው ጡጦዋን ሻይ በወተት ሞልተው፣ ስኳሩን ጠበቅ አድርገው እንደሚሰጧት ማንም ሳይጠይቃቸው አጫወቱኝ። የሥልጠናችን ጥያቄ እማማ ዘንድ አላስፈለገም፤ ምንም የሚደብቁት አልነበራቸውም። ስለ ጥርሱ ጫፉን ነካ ባደርገው፣ የወተት ጥርስ አይደል እንዴ፣ የሚወልቅ ነገር ምን ያስጨንቃል ብለው ዘጉት።

እናትየው ሊፍቱ ድረስ ሸኘችኝ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አለመኖሩን አየችና እጄን ያዘችኝ።

"አይተሻል አይደል? አውቃለሁ፣ አትንገሪኝ። ግን አደራሽን፣ ምንም እንዳትያቸው። እንደ እናት ሆነው ነው የያዙልኝ። ከተቀየሙኝ ሥራዬም የለም፣ እኔም የለሁም።"

ልክ ናት። እማማ ቢያኮርፉ ነገ ጠዋት ልጅቷን ለማን ትሰጣለች? ደግሞ ፈርታቸው ብቻ አይደለም። የራሷ እናት አጠገቧ የለችም፤ ሰው አገር ላይ ልጄ ብሎ የሚጠራት ሰው አግኝታ ጣፋጭ አይስጡብኝ ትበል? አፏም አይታዘዝላትም። እኔም ብሆን አልልም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በአውሮፕላን ስንመጣ ጉምሩክ ላይ አይያዝም፣ አብሮን ነው የሚገባው። እሺ አልኳትና ወረድኩ።

በማግስቱ ጥናቱን ለምትመራው ፕሮፌሰር ነገርኳት። ደግ ሴት ናት፣ ታዳምጣለች። ከልጅቷ ጋር የምትውለው እናትየዋ አይደለችም፣ አሮጊቷ ናቸው፤ እሳቸውን ላነጋግር አልኳት። ብዙ አሰበችና ጥሩ ሐሳብ ነው አለች። ነገር ግን የጥናቱ አካሄድ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀው ከአንድ አሳዳጊ ጋር ብቻ እንድንሠራ ነው፣ ያቺም የፈረመችው እናት ናት፤ መሐል ላይ መቀየር አይቻልም፤ ለሚቀጥለው ጥናት ግን እናስገባዋለን አለችኝ። አመሰገንኳት። ሚጣዬ ለሚቀጥለው ጥናት አትደርስም ብል ምን ታደርግልኛለች፣ እሷም ያላት ሥልጣን ያንን ያህል ነው።

እንግዲህ እየሄድኩ ማየት ሆነ ሥራዬ። በሄድኩ ቁጥር አንበሳው ይከፈታል፣ ባትሪው ይበራል። ነጩ መስመር ቢጫ ሆነ። ቢጫው እየሰፋ መጣ። ከዚያ ቡናማ ጉድጓድ ጀመረ፣ መጀመሪያ አንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ጎኑ ባለው ላይ። ለእናትየው የክሊኒክ አድራሻ ሰጥቻታለሁ፣ ይሄ ይፈቀድልናል፤ አፖይንትመንት ትይዛለች፣ ሺፍት ይቀየርባታል፣ ትሰርዛለች። ቅዳሜና እሁድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ፍቃድ ጠይቂ ብላት፣ አዲስ ሠራተኛ ነኝ አለች። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጨርሰው የምችለውን ሥራ ቁጭ ብዬ ሲበላሽ እመዘግባለሁ። ደሜ ይፈላ ነበር። የምቆጣው ሰው ግን አላገኘሁም፤ እናትየው ላይ እንዳልቆጣ ታሳዝነኛለች፣ እማማ ላይ እንዳልቆጣ በፍቅር ነው፣ ፕሮፌሰሯ ላይ እንዳልቆጣ ሕግ ነው። ቤቴ ስገባ ሳህን እያንኳኳሁ አጥብ ነበር።

አንድ እሁድ ግን አላስቻለኝም። አደራዋንም ሳልበላ፣ እማማንም ሳላስቀይም ነገሩን ላድርስ ብዬ ተነሳሁ። ትልቅ ሰው ፊት ለፊት አይታረምም፤ በሌላ ሰው ተሳብቦ ይነገርና የገባው ይገባዋል። እናቴም አክስቶቼም እንዲህ ነው ያሳደጉኝ። ስለዚህ ብርቱካን ገዝቼ እማማ ቤት ሄድኩ፣ ከወዲህ ከወዲያ ተጨዋወትን፣ ከዚያ ስካርቦሮ የሚባል ሰፈር ስለምትኖር አንዲት ልጅ ማውራት ጀመርኩ።

ምስኪን ልጅ ናት አልኳቸው። እናቷ ሥራ ትውላለች፤ የምትጠብቃት ጎረቤት አለች፣ ከደግም ደግ የሆነች። ከፍቅሯ ብዛት ጣፋጭ ታበዛባታለች፣ ጡጦም በስኳር እየሰጠች ነው የምታስተኛት። የልጅቷ ጥርስ ሁሉ አለቀ። እናትየው ደግሞ ጎረቤቷን ስለምትወዳት መናገር አልቻለችም። ከዚህ በላይ ምን ልናገር? ስማቸውን መጥራት ብቻ ነው የቀረኝ። እማማ ሙሉውን አዳመጡኝ። ከንፈራቸውን መጠጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ውይ ልጄን አሉ፤ ጎረቤትየዋስ እንዴት ዓይነቷ ናት፣ የሰው ልጅ ተሰጥቷት እንዲህ ታደርጋለች አሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱና ሁለት ከረሜላ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ለዚያች ልጅ ስጪልኝ፣ እንዲያ ታማ አፏ አይምረር አሉኝ።

ከረሜላዎቹን ይዤ ሊፍቱን ስጠብቅ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። ያደግኩበት ብልሃት ሁሉ እዚያ አለቀ።

የበረዶው ክረምት ሊገባ ሲል እናትየው በሥራ ሰዓቷ ኮል አደረገችልኝ። ሚጣዬ ዳቦ ስትነክስ ጮኻ አልበላም ብላለች፣ ከንፈሯ ሥር አብጧል። በማግስቱ ሥራ ይቅር ብላ ብሉር መንገድ አጠገብ ያለው ክሊኒክ ወሰደቻት። እኔም ሄድኩ፣ እንደ አጥኚ ሳይሆን እንደ ሰው፤ ቀኑም የዕረፍቴ ነበር። እማማም መጡ፣ ምክንያቱም ልጅቷ ነጠላቸውን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች። እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈን ቆምን፣ ሚጣዬ ወንበሩ ላይ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምጿ ለስላሳ። አየች፣ ራጅ አነሳች፣ ከዚያ በእጇ የራሷን አራት የፊት ጥርስ እየነካች አስረዳችን። አይድኑም። ሆስፒታል ውስጥ በማደንዘዣ አስተኝተው ነው የሚያወጧቸው፣ ተራው ደግሞ ረጅም ነው።

ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ሳትቆጣ፣ እኔ በሥልጠና እንደተማርኩት ዓይነት ጠየቀች። ቀን ቀን ከረሜላና ጣፋጭ መጠጥ የሚሰጣት ማን ነው? እናትየው አንድ ሰከንድ አላሰበችም።

"እኔ ነኝ" አለቻት በእንግሊዝኛ። "ሁሌም እኔ ነኝ የምሰጣት።"

ሐኪሟ ጻፈችው። እናትየው ወለሉን አየች። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አለች?"

"አራቱ ይወጣሉ አለች፣ እማማ። ሆስፒታል፣ አስተኝተዋት።"

"እሱንማ በእጇ አሳየችን፣ ገብቶኛል። ኋላ ምን ብላ ጠየቀች? ይቺስ ምን ብላ መለሰች?"

ስንት ወር ሙሉ ልናገረው ስታገል የነበረ ነገር፣ ይኸው በራሳቸው አፍ ተጠየቅኩ። ከኋላዬ እናትየው፣ ምንም አላለችም እማማ፣ አለች፤ ድምጿ ግን ተሰበረ። እማማ እናትየውን አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩን። እንግሊዝኛ አይችሉም ብያለሁ፤ ከረሜላን ካንዲ እንደሚሉት ግን ከሚጣዬ ተምረዋል። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሄደና ቋጠሮውን ጨበጠው።

"የስካርቦሮዋ ልጅ ይቺው ናት አይደል?" አሉኝ።

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። እናትየው ማልቀስ ጀመረች። ሐኪሟ ልጅቷ ስለምትታከም ያለቀሰች መስሏት መሐረብ ሰጠቻት፣ አይዞሽ፣ የብዙ ልጅ ነው አለቻት። እማማ ቋጠሮውን ፈቱ፣ ያለውን ከረሜላ ሁሉ አንድ በአንድ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉ፣ ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ስንመለስ ከአውቶቡስ ለመውረድ ስንነሳ እማማ፣ እኔን ፈርታችሁ ነው አሉን፤ ጥያቄም አልነበረም።

አልተቀየሙም። የፈራነው ሁሉ አልሆነም። ተቀይመው ቢሆን ይሻለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር አንጀቴን ነው የበላው። በማግስቱ ጡጦውን ቆሻሻ ውስጥ ከተቱት። ስኳር ከቤታቸው ጠፋ፤ ራሳቸውም ሻያቸውን ባዶውን መጠጣት ጀመሩ። ነጠላቸውን መቋጠር ተዉ። ሚጣዬ ጭናቸው ላይ ትወጣና ጫፉን ይዛ ታገላብጠዋለች፣ በዚያኛው ጫፍ ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ ታለቅሳለች። እሳቸው እንባዋን ይጠርጉላታል። ጥርስ መቦረሽም ከእኔ ተማሩ። እኔ መጀመሪያ ሳስተምር ፈራሁ፣ ፕሮፌሰሯ ብትሰማስ ብዬ፤ ኋላ ግን ገደል ይግባ አልኩ። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን እንደሳቸው አድርጎ የሚቦርሽ እናት አላየሁም። ጠዋት ይቦርሿታል፣ ቀን ከበላች በኋላ ይቦርሿታል፣ ማታ እናቷ ልትወስዳት ስትል ቆይ ብለው ደግመው ይቦርሿታል።

በሄድኩ ቁጥር ታዲያ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። እንዲህ ከተቦረሸ አይመለስም?

ሌሎቹን ይጠብቅላታል እላቸዋለሁ፣ የኋላ ጥርሶቿ ገና ደህና ናቸው። እነዚህንስ ይላሉ። እነዚህንማ አይመልስም እማማ። ብሩሹን ያጥባሉ፣ ቦታው ይሰቅላሉ። በሌላ ቀን ስመጣ ያው ጥያቄ ይጠብቀኛል፣ ምናልባት ዛሬ ሌላ መልስ ይዛ መጥታ ይሆናል እንደሚባል። እኔ ግን ሌላ መልስ ከየት አምጥቼ?

ተራው ሳይደርስ ክረምቱ ገባ። ጥርሶቹ እየተሸራረፉ ድዷ ጋ ደረሱ፣ ጠቆሩ። ስትስቅ አፏን በመዳፏ መሸፈን ለመደች፤ ያስተማራት ሰው የለም። ሕመሙ ሲነሳባት መድኃኒት ይሰጧታል፣ ይሻላታል፣ ደግሞ ይነሳባታል። እናትየው ሆስፒታል ኮል ታደርጋለች፣ ተራሽ ሲደርስ እንጠራሻለን ይሏታል። እኔም በማውቀው ሰው በኩል ሞከርኩ፤ የማውቀው ሰውም እንደኔ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ መሐል ቢሮ ስብሰባ ነበረን። ፕሮፌሰሯ እስካሁን የተገኘውን ውጤት ስታሳየን ልማዳቸው የተለወጠ ቤተሰቦችን ለይታ አቀረበች። የሚጣዬ ቤት አለበት። በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ ይቦረሻል፣ ጡጦ የለም፣ ጣፋጭ የለም፤ በሁሉም መለኪያ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የመጣ ቤት። ፕሮፌሰሯ ወደ እኔ አየችና ይሄ የአንቺ ሥራ ነው ብላ አጨበጨበችልኝ፣ ሌሎቹም አጨበጨቡ። ውሸት አይደለም። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። አመሰግናለሁ አልኩና ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ጥሪው የመጣው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ እናትየው እስከ በሩ ድረስ ይዛት ገባች፤ እኔና እማማ ውጭ ተቀመጥን። እማማ አፋቸው ሳይንቀሳቀስ ይጸልዩ ነበር። ብዙም አልቆየም። ነርሷ መጣችና ሁሉም ደህና ነው አለችን፣ ለመታሰቢያ ብላ የወጡትን ጥርሶች በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ይዛ ነበር። እናትየው ማየት አልቻለችም፣ ፊቷን አዞረች። እማማ ሣጥኗን ተቀበሉ።

እንዴት ይጣላል አሉኝ። አገር ቤት የልጅ ጥርስ ሲወልቅ ጣራ ላይ ይወረወራል፣ አዲሱ አምሮ እንዲበቅል። ይሄ ፎቅ ጣራው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ሰው ወደ አገር ሲሄድ ልኬ ከእናቴ ቤት ጣራ ላይ አስወረውርላታለሁ አሉ። ሣጥኗ አልተመቸቻቸውም መሰለኝ፣ ጥርሶቹን አውጥተው በሶፍት ጠቀለሉና የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ከዚያ ከክሊኒኩ ቀን ወዲህ ያን ጫፍ ሲቋጥሩት የመጀመሪያቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገባን። ሚጣዬ መድኃኒቱ ገና አልለቀቃትም፤ ከንፈሯ አብጧል፣ ዓይኗ ይከደናል ይገለጣል። ሶፋው ላይ እማማ ጭን ላይ ተኛች። እናትየው ወጥ ቤት ገብታ ሾርባ ታበርድ ነበር። እኔ ኮቴን ለብሼ ልወጣ ስል ልጅቷ ነቃች። እጇ ነጠላውን ሲዳብስ አየሁት፣ ወዲህ፣ ወዲያ። ቋጠሮውን አገኘችው። ስንት ወር ያጣችውን ቋጠሮ። ፊቷ በራ፣ ከዚያ ሁሉ ሕመም በኋላ ፈገግ አለች፣ እማማ ደግሞ ወደ ወጥ ቤት ዞረው ከእናትየው ጋር ያወሩ ነበርና አላዩም። ልጠራቸው አልኩ፣ አፌ እስኪከፈት ጣቶቿ ፈትተው ጨርሰዋል። ድሮም ፈጣን ናት።

ሶፍቱን ገለጠችው። አየቻቸው። አንዷን አነሳች፣ አገላበጠቻት። ምላሷን ባበጠው ከንፈሯ ውስጥ ስታዞር አየሁ፣ ባዶውን ቦታ ስትነካ። እማማ አሁን ዞረው ነበር፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እናትየው ሾርባውን ይዛ በር ላይ ቆመች።

ሚጣዬ ግን እነሱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። የጥርስ ሰው እኔ ነኛ። ከእማማ ጭን ተንሸራትታ ወረደች፣ እየተንገዳገደች መጣች፣ አራቱን ጥርሶች መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"አንቲ፣ ፑት ባክ አድርጊልኝ" አለችኝ ባዶውን ድዷን በጣቷ እያሳየችኝ።

ከዚያ እግሬ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለችና አፏን እንደ አንበሳ ከፍታ ጠበቀችኝ።